መጽሐፉ የሰማውን ፊልሙ አላየውም

ስለ ሰርጓጅ መርከብ የሚተርክ መጽሐፍ እወዳለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ነጠላዬን፣ ቀጥሎ ፊቴን ያያል። አይፈረድበትም። ባሕር አይቼ አላውቅም። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ ወንዛችን እንኳ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። አሁን የምኖረው ከዚያ በጣም ርቄ፣ ግንቦት ላይ ሹራብ በሚደረብበት በእንጅባራ ከተማ ሲሆን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ውኃ ውስጥ ታሽጎ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ ማንኪያ ከእጁ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ የሚኖር ሰው ታሪክ ግን ልቤን እንደ ከበሮ ይመታዋል። ምክንያቱን ሳስበው ቀላል ነው። እኔ በሬን ቆልፌ፣ መንገድ ጀምሬ፣ ተቆልፎ እንደሆነ ለማየት ሁለቴ የምመለስ ሰው ነኝ። ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ደግሞ ሁሉም እንደኔ ነው።

መጽሐፉን ያገኘሁት በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ ከውጭ በእርዳታ ከመጡት መካከል ነው። ሽፋኑም የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉትም፤ ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄ ላይ ያየው የፊዚክስ መምህሩ፣ ከዚሁ መጽሐፍ የተሠራ ፊልም አለኝ ብሎ በፍላሽ አመጣልኝ። ያመጣልኝ ግን በቅበላ ሰሞን ነበር። እኔ ደግሞ በዐቢይ ጾም ፊልም አላይም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። መጽሐፉስ ያው ዓለማዊ አይደለም ወይ ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር በቂ መልስ የለኝም። የነፍስ አባቴን በስልክ ጠይቄ፣ ከዳዊትሽ በኋላ ከሆነ አንብቢ ብለውኛል። ስለዚህ ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ መጽሐፉን በጋዜጣ ለበድኩት። ከጸሎት መጻሕፍቴ ጋር እንዳይነካካም ለብቻው በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት። የሁሉም ነገር መነሻ ይህ ነው፤ ፊልሙን ሳላይ መጽሐፉን ጨረስኩት።

ሲጀመር አሰልቺ ነበር። እንዲህ ያሉ የጦር ልብ ወለዶች አንድ ጠባይ አላቸው። ሰውየውን ከማስተዋወቃቸው በፊት ቧንቧውን ያስተዋውቁሃል። ይህ ቫልቭ ከዚያ ቫልቭ ጋር ይገናኛል፤ ባትሪው ይህን ያህል ሰዓት ያገለግላል፤ ከዚህ ጥልቀት በታች ብረቱ ይጨነቃል። የማዕረጉ ብዛት ደግሞ ለብቻው ነው። ደብተር አውጥቼ ማን ማንን እንደሚያዝ በሥዕል ጻፍኩት። ከመቶ ገጽ በኋላ ግን ያ ሁሉ ቫልቭ ለምን እንደተነገረኝ ገባኝ። አንዱ ሲያፈስ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለማውቅም እፈራለሁ። ቁጭ ብዬ ስፈራ ደስ አለኝ።

ደስታዬን ለብቻዬ አልቻልኩትም። በግቢያቸው የተከራየሁባቸው አዛውንት፣ አባባ የምላቸው፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በጦር መርከብ ያገለገሉ ናቸው። ሥራቸው መተኮስም መንዳትም አልነበረም። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ከውኃ በታች ያለውን ድምፅ መስማት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሁሉም ወደየአገሩ ተበተነና እሳቸውም እዚሁ፣ ወደ ተወለዱበት ተመለሱ። እዚህ አገር ደግሞ ወንድ የሚለካው በፈረስ ነው። እኩዮቻቸው በሙሉ ፈረሰኞች ናቸው፤ በጥር ሜዳው ላይ ሲጋልቡ የአገሩ ሰው ሥራ ፈቶ ያያቸዋል። አባባ የመጡት ያለ ፈረስ፣ አንድ ማንም ያልተቀበለው ታሪክ ብቻ ይዘው ነው።

ከሁሉ የሚብሱባቸው አንድ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጥርባ በኩል የሚያርሱ፣ ዛሬም ከተማ የሚመጡት በፈረስ ነው። ገና ከበሩ ሲደርሱ «ዓሣው አለ?» ብለው ይጣራሉ። ለሚሰማ ሁሉ ያንኑ ይደጋግማሉ፤ እኛ ኮርቻ ላይ ስንነቀነቅ እሱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የዓሣ ሐሜት ይሰማ ነበር ይላሉ። አባባ አብረው ይስቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ ግን አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ፣ ሲስቅ አትመኚው አሉኝ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ምግብ እንደማይቀምሱ ነገሩኝ። ይህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በጾሙ ከቅዳሴ መልስ፣ አባባ ጸሐይ ላይ ሲቀመጡ፣ መጽሐፉን እያየሁ በአማርኛ አነብላቸው ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው ስለ ውኃ ሙቀት አራት ገጽ ይጽፋል። ልዝለለው አልኩ፤ አባባ አቋረጡኝ።

«አትዝለይው ልጄ። ዋናው እሱ ነው።»

ዘንገና ሐይቅ ገብቶ የዋኘ ሰው ያውቀዋል አሉ። ላዩ ለብ ይላል፤ ዝቅ ሲሉ በድንገት እግር የሚነክስ ቅዝቃዜ አለ። ባሕርም እንዲሁ ነው፤ ድምፅ እዚያ ድንበር ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ሰርጓጅ መርከብ ከሥሩ ገብቶ ይደበቃል። ያን አራት ገጽ እንደገና አነበብኩት፤ በዚህኛው ጊዜ ሐይቁ ታየኝ። በተከታዩ ቅዳሜ ዘንገና ሄጄ አፋፉ ላይ ቆሜ ያን ጥቁር ውኃ ስመለከት፣ ከሥር የሆነ ነገር ትንፋሹን ይዞ የተኛ መሰለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

የመጽሐፉ ልብ፣ እንደ አባባ ማዳመጫ ያጠለቀው አድማጩ ነው። ሰርጓጁ ከባሕር ሥር ተደብቋል፤ ከላይ አንድ መርከብ እየቀረበ ነው፤ አዛዡ ሊተኩስ ቶርፔዶውን አዘጋጅቷል። አድማጩ ግን ቆይ ይላል። የሚመጣው መርከብ መቅዘፊያ አራት ክንፍ አለው፤ አንዱ ስለተጣመመ በየአራተኛው ምት ድምፁ ይከብዳል። ይህ ሊያጠቃን የመጣ አይደለም፣ ተጎድቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ነው ይላል። ሠላሳ ገጽ ሙሉ ይከራከራሉ። አዛዡ በመጨረሻ ያላየውን በሌላ ሰው ጆሮ አምኖ ሳይተኩስ ይቀራል። መርከቡ ቁስለኞች የጫነ ሆስፒታል እንደነበረ የሚያውቁት ከሳምንት በኋላ ነው። አባባ ያን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና የነገርኳቸው ፊልም አሁንም እንዳለኝ ጠየቁኝ። አለኝ አልኩ።

«በዳግም ትንሣኤ ጓደኞቼ እዚህ ይውላሉ። አሳዪልኝ። እነሱ የነገርኳቸውን አይሰሙም፤ የሚያዩትን ያምናሉ። ሥራ እንደነበር አንድ ጊዜ ይዩልኝ።»

እሺ አልኩ። በደስታ ነው እሺ ያልኩት፤ የፊልም ተርጓሚ ልሆን ነው! ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው ያውቃል፤ አንድ ሰው ብቻውን ወንዱንም ሴቱንም፣ አዛዡንም ተላላኪውንም ሆኖ ይናገራል። እኔ ቪዲዮ ቤት ገብቼ ባላውቅም በልጅነቴ ከበር ውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ። በትንሣኤ ሳምንት ፊልሙን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ፤ ግን ደስታውን ከእነሱ ጋር አብሬ ልካፈል ብዬ ተውኩት። በሩን ሁለቴ የምታየዋ ሴት ይቺን አንዲት ነገር ሳታይ ቀረች።

እሑድ ከሰዓት ስድስት ሽማግሌዎች ጠላቸውን ይዘው ቴሌቪዥኑ ፊት ተደረደሩ። ሦስት ፈረሶች ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ላይ ታስረዋል። የጥርባው ፈረሰኛ ከፊት ተቀመጡ፤ አባባ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው። እኔ በርጩማ ላይ ሪሞቱን ይዤ ተቀመጥኩ። እትዬ አማርኛ ለማይቀናቸው አንድ አዛውንት የኔን አማርኛ ወደ አዊኛ ይመልሱላቸዋል፤ ስለዚህ ሰርጓጁ በሦስት ቋንቋ ነበር የሚሄደው።

ፊልሙ ሲጀምር መጽሐፉን ረሳሁት። እውነቴን ነው የምናገረው። መጽሐፉ ጥልቀቱን በቁጥር ይነግረኛል፤ ፊልሙ ግን ብረቱን ያስጮኸዋል። ያ ድምፅ ከቆርቆሮ ጣሪያችን ሥር ሲወጣ አንዱ ሽማግሌ አማተቡ። የጥልቀቱ መለኪያ ቀስት ወደ ቀዩ ስትሄድ ክፍሉ በሙሉ አብሯት ያዘነብላል። መጽሐፍ ዝም ማለት አይችልም፤ «ዝምታ ሆነ» ብሎም ቢጽፍ ያው በቃል ነው። ፊልሙ ግን ዝም አለ። ላብ ከአንድ መርከበኛ አፍንጫ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ስትዘገይ፣ የጥርባው ፈረሰኛ ጠላቸውን አፋቸው ድረስ አድርሰው ሳይጠጡ ቆሙ። ወደ አባባ ዞር ብዬ አየሁ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል።

ነገር ግን ያቺ ቁጥር እየቆጠርኩ የምጠብቃት ደቂቃ ስትመጣ ልቤ ወረደ። ፊልሙ አድማጩን ወደ ጥግ ገፍቶታል። ትከሻው ይታያል፤ ግማሽ ፊቱ ይታያል። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገለል አደረገና «አንድ መርከብ» ብቻ ብሎ መልሶ አጠለቀው። ሠላሳው ገጽ ሁለት ቃል ሆነ። ካሜራው ወደ አዛዡ ሄደ፤ አዛዡ መልከ መልካም ነው፤ መንጋጋውን አጥብቆ ወደ ላይ ይመለከታል።

እኔ ግን ቀጠልኩ። ሳላስበው ነው ብል ውሸት ነው፤ አስቤዋለሁ። «አዛዥ ሆይ፣ ቆይ አትተኩስ» አልኩ በአድማጩ ድምፅ። «ይህ መርከብ ጤነኛ አይደለም። አንድ እግሩን እንደሚቆጥብ ፈረስ ነው የሚሄደው። ሦስት ጊዜ ይረግጣል፣ በአራተኛው ይከብደዋል። ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ፤ ተጎድቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ነው።» እትዬ ወደ አዊኛ መለሱት። ሽማግሌዎቹ ፈረስ ሲባል ቀና አሉ።

የጥርባው ፈረሰኛ አንገታቸውን ወደኔ መለሱ።

«መምህርት፣ የእንግሊዝ አፍ እንዲህ አጭር ነው? ሰውየው ከንፈሩን ሁለቴ አነቃነቀ፤ አንቺ ስብከት አወጣሽለት።»

ሁሉም ሳቁ። ቋንቋው ጥቅጥቅ ያለ ነው አልኩ፤ ሁለተኛው ውሸቴ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ለእንጅባራ ሰው ወሬ አይደለም፤ ሌላ ቀን ቢሆን ተነስተው ይሄዱ ነበር። አሁን ግን ማንም አልተነሳም። መጨረሻው ምን ሆነ? አዛዡ ተኮሰ? ንገሪን እንጂ አሉ። በሩ ተከፍቶ የቀን ብርሃን ገባ፤ እኔም ነገርኳቸው። የነገርኳቸው መጽሐፉን ነው። ክርክሩን፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ ያለውን አዛዥ፣ በመጨረሻም «ጆሮህን አምኛለሁ» ያለውን። ቁስለኞቹ እንዴት እንደተረፉም ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ተርኬ አላውቅም፤ እጄ ሁሉ ይናገር ነበር። ስጨርስ የጥርባው ፈረሰኛ፣ አዛዡ ሳያይ አመነው ማለት ነው ሲሉ ጠየቁ። አዎ አልኩ። ወደ ኋላ፣ ወደ አባባ አንድ ጊዜ ዞረው ተመለከቱ። ያቺን አስተያየት አባባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠብቀዋታል።

ከዚያ መብራቱ መጣ። ቴሌቪዥኑ በራ፤ እኔ ላጥፋው ብዬ እጄን ስሰድ በሙሉ ተንጫጩ። አሁን በዓይናችን እንየው አሉ። ጸሎት ጀመርኩ። ፍላሹን ከፍቼ፣ ቦታውን ፈልጌ፣ ለቀቅኩት።

በፊልሙ አዛዡ ማንንም አይጠይቅም። ከውኃ በላይ የሚያሳየውን መነጽር፣ ፔሪስኮፑን፣ ወደ ላይ ይሰዳል፤ ዓይኑን ይደቅናል፤ ነጭ መርከብ፣ በጎኑም ላይ የሆስፒታል ምልክት ራሱ ያያል። ሙዚቃው ይነሳል። ሁሉም አዛዡን ያቅፉታል። አድማጩ በዚያ ሁሉ እቅፍ ውስጥ የለም። የፊልም ነገር ያኔ ገባኝ፤ ፊልም ራሱ ዓይን ነውና ጆሮን አያምንም። መጽሐፍ ግን ዓይን ስለሌለው እንደ አድማጩ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል። የገባኝ ግን በጊዜው አልጠቀመኝም፤ ሁሉም ወደኔ ዞረው ነበር።

«ያ ጆሯሙ ወዴት ገባ?» አሉ የጥርባው ፈረሰኛ። በፌዝ አልነበረም የጠየቁት፤ ከፌዙ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

ተነሳሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩና እውነቱን ነገርኳቸው። በፊልሙ አድማጩ ያለው ሁለት ቃል ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው ከመጽሐፉ እንደሆነ፣ ፈረሱ ደግሞ በመጽሐፉም እንደሌለ፣ የኔ እንደሆነ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በኋላ ይህን ለነፍስ አባቴ ድሬዳዋ ደውዬ ስናዘዝ፣ በሐሰት ተረጎምኩ ብዬ ሳለቅስ፣ «ታዲያ ሰርጓጁ በሰላም ወጣ?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ሰዓት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ፣ እንግዲህ የቱ ነው ልክ፣ ፊልሙ ወይስ መጽሐፉ አሉ። ሁለቱም ፈጠራ ነው አልኩ። ታዲያ ምኑን እንመን ሲሉ መልሱ የመጣው ከኋላ፣ ከግድግዳው በኩል ነው።

«እኔን ጠይቁኝ» አሉ አባባ።

በወሬያቸው መካከል እንዲህ ገብተው አያውቁም። አልተነሱም፤ እንደተደገፉ ተናገሩ።

«ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሰማሁ። ያስቀረሁት ጥይት የለም፤ ያዳንኩት መርከብ የለም። የሰማሁት አብዛኛው ዓሣ ነው፤ እሱ ዓሣው ሲለኝ ልክ ነው። ግን እኔ ስሰማ ሌላው ይተኛ ነበር። ሰው ሁሉ የሚተኛው እኔ ነቅቼ ስለምሰማ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው።»

እትዬ ወደ አዊኛ መመለስ ጀምረው ተዉት። አባባ ዝቅ ባለ ድምፅ ለጥርባው ጓደኛቸው አንድ ነገር ጨመሩ።

«ፈረስህ ዛሬ ስትገባ የኋላ ቀኝ እግሩን ይቆጥብ ነበር። ከበሩ ሰምቼዋለሁ። ልነግርህ ብዬ፣ ትስቅብኛለህ ብዬ ተውኩት።»

የጥርባው ፈረሰኛ ጠላቸውን አስቀመጡና ወጡ። ማንም አልተከተላቸውም። በክፍሉ ውስጥ ሆነን ፈረሱን ሲያባብሉት ይሰማናል፤ ከዚያ እግሩን ሲያነሱት፣ ከዚያ ቢላዋ ይሁን እንጨት የሆነ ነገር ሲፍቅ። ሁላችንም እያዳመጥን እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ሲመለሱ በእጃቸው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠጠር ይዘዋል። ለማንም አላሳዩም፤ አባባ አጠገብ ባለው መደብ ላይ አኖሯት፤ ቦታም ቀየሩ፣ ከፊት መጥተው ከአባባ ጎን ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

«መምህርት፣ መጽሐፉን አምጪው» አሉ። «ከመጀመሪያው። ቧንቧውም ቢሆን እንዳትዘልዪ።»

መጀመሪያው እንደሌለው፣ ገጾቹ እንደተቀደዱ ነገርኳቸው። እንግዲያው ከተገኘበት ጀምሪ አሉ። ሮጬ ሄጄ ከመስኮቱ ደፍ አመጣሁት፤ መሽቶ ከመለያየታችን በፊት የባትሪውን ምዕራፍ ጨረስን። የጥርባው ፈረሰኛ በየገጹ ያስቆሙኛል፤ ይህ ከመጽሐፉ ነው ወይስ ከራስሽ ይላሉ። ከመጽሐፉ ነው እላለሁ፤ ከአባባ ጋር ይተያዩና ቀጥዪ ይሉኛል።

አሁን በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እናነባለን። ወደ ሁለት መቶኛው ገጽ እየተጠጋን ነው፤ አድማጩ ገና ነው። የጥርባው ፈረሰኛ አባባን እስከ ዛሬ ዓሣው ነው የሚሏቸው። ነገር ግን ከጥርባ ሲመጡ በሩ ላይ እንደ ድሮው አይጣሩም። ቀስ ብለው ይገቡና ከግቢው በር እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ፈረሱን ያራምዱታል። ይቆማሉ። ከኮርቻው አይወርዱም።

«እህስ?» ይላሉ ወደ መስኮቱ።

አባባ ከውስጥ፣ ሳያዩ፣ ደህና ነው እስኪሏቸው ድረስ እዚያው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ።